ይሉኝታ የተማረው ጋሪ

ጋሪው ሲናሩን አየው፣ አለፈው። አንዲት ጠብታ ኖራ እንኳ አልጣለም።

ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው የሙከራ ማሳ ዳር ቆሜ ነበር፤ ቦቲዬን ጭቃው ውጦታል። ሲናር ገብስ መስሎ፣ በገብስ መሃል ተደብቆ የሚያድግ አረም ነው። ጋሪያችን ደግሞ ቀጫጭን የብስክሌት ጎማዎች፣ ረዘም ያለ እግር፣ ቁልቁል የሚያይ ካሜራና አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ያለው ሮቦት ነው። በመስመር በተዘራ ገብስ መሃል ይሄዳል፣ ሲናር ሲያይ የኖራ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ አራሚው ከኋላ እየተከተለ ነጭ ያረፈበትን ብቻ ይነቅላል። ወገብ የሚቆርጠው መንቀሉ አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ መፈለጉ ነው። ግማሽ ዕድሜዬን እንዲያ ጎንበስ ብዬ ስለኖርኩ ይህን ማንም አይነግረኝም።

«ጋሼ፣ በእርስዎ በኩል ይሆን?» አለች መምህርቷ።

ከወግዲ የመጣች ወጣት ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ አነጋገሯ ወደዚያው ሄዷል። ሥራውን የጀመርነው እሷና እኔ ነን። የእሷ በኩል ዲፕ ለርኒንግ የሚሉት ነው፤ ብዙ ፎቶ እያሳዩ «ይሄ ገብስ፣ ይሄ ሲናር» እያሉ የሚያስተምሩት ኮድ። የእኔ በኩል ያንን ኮድ ከጋሪው ሶፍትዌር ጋር ማገናኘት ነው። ጋሪው ፓኬጅ በሚሉት ጥቅል ውስጥ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉት፤ አንዱ ጎማ ያዞራል፣ አንዱ ካሜራውን ይይዛል፣ አንዱ የኖራውን ቧንቧ ይከፍታል፣ እርስ በርስም መልእክት ይላላካሉ። በእነሱ መሃል ለእሷ ኮድ ቦታ መስጠት፣ ከማን እንደሚሰማና ለማን እንደሚመልስ ማደራጀት የእኔ ድርሻ ነው። ሰፈር ውስጥ አዲስ ሰው እንደማስገባት ነው። ነባሮቹ ነገሩ ካልገባቸው አይጣሉትም፤ ዝም ይሉታል። ዝምታውን ፈልጎ ማግኘት ነው ራስ የሚያዞረው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ በላይ ሆኜ ነው። ይህ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ። ከጎልማሶች ጋር ሀሁ ብዬ፣ ቀጥዬ፣ ቀጥዬ፣ በመጨረሻ ዲፕሎማ ይዤ እዚሁ መካነ ሰላም የላብራቶሪ ረዳት ሆንኩ። ስለዚህ ነገር ሲያመሰግኑኝ ያናድደኛል። «በዚህ ዕድሜህ!» እያሉ አፋቸውን የሚይዙት እነዚያው ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ላኩት ያላሉት ናቸው። ዛሬም ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ኮድ ግን ቀስ ብሎ በሚያነብ ሰው አይስቅም።

ከበላይ የሚመጡ ሰዎች ክረምቱ ሳይወጣ ጋሪውን ያዩታል ተብሎ ነበር። ካልሠራ ካሜራውም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሥራውም ተጠቅልሎ ደሴ ይሄዳል፤ መምህርቷም ትከተለዋለች። እኔ ወደ ፕሪንተር ወረቀት መጨመሬ እመለሳለሁ። ጠዋት ተነስቼ የቸኮልኩለት ሌላ ሥራ በሕይወቴ አላውቅም። እንዲሄድብኝ አልፈለግሁም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«አየዋለሁ» አልኳት፣ አኩርፌ።

መጀመሪያ ቀለሙን አየሁ። ካሜራው ሰማያዊውን አስቀድሞ ይልካል፣ የእሷ ኮድ ቀዩ እንዲቀድም ይፈልጋል፤ ሁለቱን ካላስማሙ ቅጠሉ ሁሉ የበሽተኛ መልክ ይይዛል። ይህን ድሮ አስማምቼዋለሁ፣ እንደተስማማም ነው። ቀጥዬ ሰዓቱን አየሁ። ኮዱ አንድ ፎቶ አይቶ እስኪያስብ ጋሪው ወደፊት ሄዷል፤ ስለዚህ በየፎቶው ላይ የተነሳበትን ሰዓት አያይዤ፣ ቧንቧው መልሱ የየትኛው ቦታ እንደሆነ እንዲያውቅ አድርጌ ነበር። እሱም ደህና ነው። በመጨረሻ ራሱን ያወጣ፣ ያፈጠጠ ሲናር ነቅዬ ካሜራው ሥር አጋደምኩት። ስክሪኑ ላይ የመጣው መልስ «ገብስ» ነው። ምንም አልተጠራጠረም።

መልእክቱ በትክክል ደርሷል። የደረሰው ውሸት ነው።

«የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሷ ወንበሯን ስባ፣ ኮዱ የተማረባቸውን ፎቶዎች በየማሳቸው ለይታ ማየት ጀመረች። ቆየት ብላ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ። ይሄ ኮድ በአቀስታ በኩል ያለው ማሳ በሙሉ ሲናር ነው ይላል።»

«የኛስ?»

«የእኛ ሰፈር ንጹሕ ነው። አንድም የለም።»

«የኛ ሰፈር? አምና ከገብሱ ይልቅ ሲናሩን ነው እኮ የበላነው!»

«ለፎቶዎቹ ስም ያወጡት እነማን ነበሩ?» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። አምና ክረምት ፎቶውን ካነሳን በኋላ እያንዳንዱን «ገብስ» ወይም «ሲናር» የሚል ሰው አስፈለገን። ለሁለት ሰው የማያልቅ ሥራ ነው። እኔ ነኝ «ጅጌ እንጥራ» ያልኩት። አጨዳ ሲደርስ ሰው ጅጌ ጠርቶ አብልቶ አጠጥቶ ያሳጭድ የለ? የሰፈሬን ገበሬዎች ጠራሁ፣ መጡ። ግቢ ውስጥ ጠላ አይገባም ተብሎ ሻይና ቆሎ ስናቀርብላቸው ፊታቸው ጠቆረ፣ ግን አዳራሽ ገብተው ተቀመጡ። ከፊት የሰፈራችን መሪጌታ፣ ከጎናቸው ማሳችን የሚዋሰነው ጎረቤቴ፣ ከኋላ ሌላው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይበራል፣ እነሱ ይላሉ፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። ጀርባዬ ለግድግዳው ነበር፤ የሚሉትን እየሰማሁ መጫን ብቻ።

መምህርቷ ከፎቶዎቹ አንዱን ከፈተችው። ከሲናሩ ኋላ ካብ ይታያል፣ ከካቡ ኋላ ሦስት ባሕር ዛፍ። የመሪጌታ ማሳ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ሌላ ከፈተች፤ የጎረቤቴ የቆርቆሮ ቤት ጥግ። ሁሉም ላይ «ገብስ» ተብሏል። የአቀስታዎቹን ግን ማንም አያውቃቸውም፣ ባለቤቶቻቸውም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም።

መምህርቷ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። «ኮዱ ይሉኝታ ተምሯል፣ ጋሼ!»

እኔ አልሳቅኩም። ቀጥ ብዬ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ቀንበር ሲጠርብ አገኘሁት።

«የመሪጌታን ሲናር ገብስ ያልከው ለምንድን ነው?»

«እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው?»

«እና?»

«እናማ! አንተ ከሆንክ በሰው ፊት ‹ማሳዎ ዳዋ ለብሷል› ትላለህ። ለዚህ እኮ ነው ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገብህ የሚቀመጥ የጠፋው።»

«የጠየቀህ ኮምፒውተር ነው፣ ሰው አይደለም።»

«የጠየቀኝስ ኮምፒውተር ነው፤ የሰሙኝ ግን ሰዎች ናቸው፣ ወላሂ!» አለና መጥረቢያውን አስቀመጠ። «እሳቸውስ የኔን ገብስ አላሉልኝም?»

ክርስቲያን ነው፤ እኛ አገር ግን ወላሂ ሳይሉ ጠብ አይደምቅም። ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩን ሳስበው፣ ሰዎቹን ልለውጥ አልችልም፤ ፎቶውን ግን እችላለሁ።

አጭር ኮድ ጻፍኩ። እያንዳንዱን ፎቶ መዳፍ በሚያህል ቁራጭ ይቆርጠዋል፤ ካብ የለ፣ ዛፍ የለ፣ የቤት ጥግ የለ፣ ቅጠልና አፈር ብቻ። ከዚያ የመሪጌታን ከአቀስታው፣ የአቀስታውን ከጎረቤቴ ያደባልቀዋል። የማን እንደሆነ የምታየው ቁልፉን የምትጫነው መምህርቷ ብቻ ናት። ጅጌውን እንደገና ጠራሁ።

«ደግሞ ሻይ?» አሉ መሪጌታ ከበሩ።

«ሻይ ነው፣ አባ። ለአንቱ ደግሞ ዳቦ ተጋግሮልዎታል።»

«አብሽር፣ ዳቦ ካለስ እንቀመጣለን።»

አሁን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተያዩ፤ ካቡን ፈለጉ፣ ዛፉን ፈለጉ፣ አጡ። ከዚያ አንዱ «ሲናር» አለ፣ ቀስ ብሎ። ማንም አልተቆጣም። ቀጥሎ የመጣውን ሁለት ሰው ተሻሙበት። ትንሽ ቆይተው እንደ ሕፃን ይጯጯሁ ጀመር፤ መሪጌታ ከሁሉም ይበልጥ ይጮኻሉ፣ የራሳቸውን ማሳ ሦስቴ ሲሰድቡ ሰማሁ።

«ሲናር!»

«ገብስ!»

«የምን ገብስ፣ ጎፈሩን አታይም? ሲናር!»

በመሃል አንድ ቁራጭ በራ። አዳራሹ አንድ ላይ ጮኸ።

«ኧረ የትኛው ሰነፍ ነው ይሄ?» አለ ጎረቤቴ። «ገብስ እኮ የለበትም!»

«ባለቤቱ አገር ጥሎ ሄዷል» አሉ መሪጌታ። «ወይ ሞቷል። ነፍስ ይማር!»

መምህርቷ ቁልፉን ሳትጫን ቀረች። ወደ እኔ አየች፣ ከንፈሯን ነክሳለች።

«የማን ነው?» አልኳት።

«ይቅር፣ ጋሼ።»

«ተናገሪ እንጂ!»

«የእርስዎ ነው።»

ቆሎ የሚቆረጥመው እንኳ አቆመ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«እንዲያው ልብ ብዬ ሳየው...» አሉ፣ «ገብስም ይመስላል።»

«ጥሩ ገብስ ነው» አለ ጎረቤቴ ቶሎ ብሎ።

«ተዉ!» አልኩ። «ሲናር ነው። ዓይን ያወጣ ሲናር! ጫኚው።»

ጫነችው። መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እኔንም ሳቁ ያዘኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ከዚህ ሰፈር ሰው ጋር እንደዚያ አብሬ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ሰጡኝ፤ «ለሟቹ» ብለው።

መምህርቷ ኮዱን በአዲሶቹ ስሞች እንደገና አስተማረችው። እኔ በፓኬጁ ውስጥ አሮጌውን ፋይል አንስቼ አዲሱን ተካሁ። ሌላ የነካሁት ነገር የለም፤ ያቀናጀሁት ሁሉ እንደነበረ ተቀበለው። በዚህ ልኮራ እችላለሁ፣ ኮርቻለሁም። ጋሪውን ማሳው ውስጥ ስንለቀው ጥቂት ሄዶ ቀስ አለ፣ ጠብ አደረገ። እንደገና ሄደ፣ ጠብ አደረገ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሲናር ነው። አንድ ሁለት ቦታ ገብስ ላይም ጥሏል፣ አልዋሽም። እኔም ስቻኮል ገብስ እነቅላለሁ።

ከበላይ የተባሉት ሰዎች መጡ። ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ድንጋይ ላይ ቆመው ተመለከቱ። አንዱ ስለ ኮዱ ጠየቀ፣ መምህርቷ መለሰች፤ ሌላው ኮዱ ከጋሪው ጋር እንዴት እንደተገናኘ ጠየቀ፣ እኔ መለስኩ። እንግሊዝኛዬ አጭር ነው፣ በአማርኛ ጨረስኩት። ሲሄዱ «ይህ ነገር እዚሁ ማሳው አጠገብ ይሁን፤ ደሴ ምን ያደርጋል?» አሉ። ይህን ለማለት መኪና ነድቶ መምጣት ለምን እንዳስፈለገ አላውቅም። መምህርቷ ግን ከኋላቸው እጇን አጨበጨበች፣ እኔም ቦቲዬን አውልቄ ጭቃውን ሳራግፍ እያፏጨሁ ነበር።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ወርክሾፑ በር ላይ ብቅ አለ። ዙሪያውን አየ።

«ያቺ ጋሪህ... ማሳዬ ንጹሕ ነው፣ ይታወቃል። ግን እንዲያው ለማየት ያህል...»

«መቼ?»

«ሰው ገበያ ሲወጣ። በታች በኩል አምጣት፣ በመንገዱ አታሳልፋት።»

እሱ ሲወጣ መሪጌታ ተማሪያቸውን ልከው ኖሯል፤ እሳቸውም ገበያ ቀን ይመቻቸዋል።

ገበያ ቀን ጋሪውን በታች በኩል ገፋሁት። ጎረቤቴ ዘንድሮ በመስመር ዘርቷል፤ ጋሪው ገባ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ጎረቤቴ ከኋላ እየተከተለ ይነቅላል፣ ግን አልደረሰበትም። ትንሽ ቆይተን ዞር ብለን ስናይ ማሳው በረዶ የወረደበት መስሏል።

«ስማ» አለኝ፣ ወደ መንገዱ እያየ። «ይሄ ኖራ ቀለሙ አይቀየርም?»

«ምን ይሁን?»

«አረንጓዴ።»

«አይቀየርም» አልኩት። «ይልቅ ጎንበስ በልና ንቀል።»

እኔም ባዶ ጆንያ ይዤ በማዶው መስመር ጎንበስ አልኩ፤ ሰው ከገበያ ሳይመለስ እንድንጨርስ።