ወርቃ ድረስ የተጓዘው ምስክር

በዚህ ነገር ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ ላስተዋውቅ። ስም አልጠራም፤ ዲላ ጠባብ ናት፣ ሁላችንም ገና አብረን እንኖርባታለን። አንደኛዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት። ሁለተኛዋ የክፍል ጓደኛዋ፣ ከወርቃ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትማር። ሦስተኛው የዜግነት ትምህርት የሚያስተምራቸው ወጣት ነው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉታል፤ በእኔ ቤት ይህ ቃል ከጸሎት ይበልጥ ይነሳ ነበር። ባለቤቴም አለች፤ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምትስቅ ሴት። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አናጺው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ተቀጥሬ ከሠራሁበት ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ጭቃው እንዳይታይ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ እስከ ዛሬ ጽሑፍ ገልብጬ ማንበብ አያቅተኝም። ልጄንም ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በአናጺ እርሳስ ጣውላ ላይ እየጻፍኩ። ስለዚህ የማታውቀው ነገር ሲገጥማት የምትጠይቀው እኔን ነበር። ዘንድሮ ግን መጠየቁን ትታ መልስ ይዛ መምጣት ጀመረች። መልሱም የቲቸር ነው።

የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር እኔ ራሴ ልወስዳት አስቤ ነበር። የቀበሌ መታወቂያዋን አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላት አውጥቼላታለሁ። ኮቴንም አስጠርጌ ሰቅያለሁ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እጇን ይዤ እንዳስገባኋት፣ ምርጫ ጣቢያም እኔው ላስገባት ነበር የተመኘሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርዷን ይዛ እየሳቀች ገባች። ቲቸር ዕድሜያቸው የደረሰውን ሁሉ ከክፍል በኋላ ሰብስቦ ወስዷቸዋል። ካርዱን ተቀብዬ ፊቱንም ጀርባውንም አነበብኩ፤ የሚነቀፍ ነገር አጣሁና መለስኩላት።

«ምነው ሰውዬ» አለች ባለቤቴ፣ «የእድር ደረሰኝ መሰለህ እንዴ?»

መጽሐፍ ቅናትን የአጥንት ነቀዝ ይለዋል። ነቀዝን በሥራዬ አውቀዋለሁ። ላዩ የሚያምር ዋንዛ ሲሰነጠቅ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን በዚህ ቃል ወጣቶችን ብዙ ጊዜ መክሬያለሁ፤ በዚያ ሳምንት ግን ዱቄቱ እኔው ውስጥ ነበር።

ያልተመዘገበችው ተከራያችን ብቻ ነበረች። መታወቂያ የላትም። ጓደኞቿ ሁሉ ካርድ ሲይዙ እሷ ባዶ እጇን በመቅረቷ ከልጄ ጋር እንኳ ማውራት ትታ ነበር። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ቲቸር ልጄን አስከትሎ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ጣቢያው ድረስ መጥተው እኔ ቤት ትኖራለች ቢሉ ይበቃል» አለኝ። «እርስዎን ሰፈሩ ያውቅዎታል።»

ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። እሱ ሲናገር ልጄ ታየው ነበር፣ ድሮ እኔ ጣውላ ላይ ስጽፍ ታየኝ በነበረው ዓይን። በዚህ አገር በአፍ የሚያልቅ ጉዳይ እንደሌለ፣ ልጅቷ ከተወለደችበት ቀበሌ ደብዳቤ እንደሚያስፈልጋት፣ ለተከራዬም እኔ እንዳለሁላት ነገርኩት። ሕጉን አላነበብኩትም፤ ያነበበ ሰው ድምፅ ግን ነበረኝ። ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት መጋዙን አስነሳሁ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ አገሯ ትሄዳለች፤ እኔም ኮቴን ለብሼ አብሬያት በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ባዶ ማዳበሪያዋን ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛለች። ቲቸር ምስክር ይበቃል ማለቱን ፈራ ተባ እያለች አነሳችልኝ። አስተማሪ መጽሐፍ እንደሚያውቅ፣ ቢሮ የማውቀው ግን እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ይርጋ ጨፌን አልፈን ዝናቡ ሲጀምር ከመስኮቱ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ካልደረስንስ?»

እንደርሳለን አልኳት። ገደብ ከተማ ላይ ከአውቶቡሱ ወርደን በአንድ ሞተር ሁለታችንም ተፈናጥጠን ጭቃውን ተያያዝነው። ወርቃ ስንደርስ የቀበሌው ቢሮ ዝግ ነበር። ሊቀመንበሩን ያገኘነው ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከልጅቷ አባት አጠገብ ተቀምጦ ነው። ለሟች ቤተሰብ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ጉዳዬን በአገሩ ቋንቋ በጌዴኡፋ አስረዳሁ። ልጅቷ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ እንደማትኖር፣ ያልሆነውንም ሆነ ብሎ እንደማይጽፍ መለሰልኝ።

«የምትኖረው የት ነው?» አለኝ።

«ዲላ።»

«ማን ቤት?»

«እኔ ቤት።»

ኮቴን አየ፣ ጭቃ የጠገበውን ጫማዬን አየ። «ታዲያ ምስክሩን እዚህ ድረስ ያመጣኸው ለእኛ ልታሳየን ነው?»

ለቅሶ ላይ መሆናቸውን የረሱ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁ። የልጅቷ አባት አልሳቀም። ልጁ እንድትመረጥ ሳይሆን እንድትመርጥ ብቻ ይህን ያህል መንከራተቴን አድንቆ፣ ማዳበሪያዋን ቆጮ ሞልቶ ካልጫንኩ ብሎ ያዘን። አባት እንዴት እንደሚሆን በዚያች ሰዓት ከእሱ አየሁ፤ በእሱም ቀናሁ።

ዲላ ስንደርስ ቀኑ እየመሸ ነበር። ከመናኸሪያው በባጃጅ በረርን። ጣቢያው አልተዘጋም፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነበር። ከፊት በኩል ልጄ ቆማለች። የጓደኛዋን ቦርሳ መሬት ላይ አስቀምጣ ተራ ይዛላታለች፤ ከኋላ ያሉትን «እየመጣች ነው» እያለች ስትለምን ውላለች። ቲቸር ዝናብና ንፋስ በሚያጣምመው ጃንጥላ ያስጠልላታል። ከባጃጁ ሳልወርድ ያየሁት ተራውን ሳይሆን ጃንጥላውን ነው። ያ እጅ የእኔ መሆን ነበረበት።

መዝጋቢዋ ልጅቷን አውቃት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«እኔ ቤት ትኖራለች» አልኩ።

ቲቸር የነገረኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ በዚያው አለቀ። ልጅቷ ካርዷን መጀመሪያ ለቲቸር አሳየች፣ ቀጥላ ለልጄ። ወደ እኔ መጨረሻ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ስለ እኔ ደከሙ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ ብትቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅ ያላችሁ ስሙኝ። ልጃችሁ ሌላ ሰው ስታምን ከእናንተ የሰረቀው ነገር የለም። ማመንን ያስተማራችኋት እናንተው ናችሁ። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዛሬም «ቲቸር» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል።

ማታ ባለቤቴ ጫማዬን እየጠረገች ስንት እንዳወጣን ጠየቀችኝ። ምዝገባው በነፃ ነው። እኛን ግን የአውቶቡሱ፣ የሞተሩ፣ የባጃጁና ንፋስ ለሰበረው የቲቸር ጃንጥላ መተኪያ የሰጠሁት ተደምሮ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ብር አስወጣን።