የቀን መጋረጃ

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሀርጌሳ በሚገኘው የዜና ቢሯችን፣ ከአደጋ በሕይወት የተረፈን የግንባታ ሠራተኛ ስም አብሮት ከነበረው ሟች ስም ጋር አቀያይሬ ጻፍኩ። ዜናው ሳይወጣ ባልደረባዬ ደረሰበት። መጋረጃው ፀሐይን ለመከለል ተዘግቶ፣ አንድ ደብዛዛ አምፖል ብቻ በርቶ ነበር። ማስታወሻዬን ሳነብ ዓይኔ ይከደን ነበር። የሞቀው ወፍራም ጨርቅ ሽታ በልጅነቴ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ተከራይተን የኖርንባትን ክፍል አስታወሰኝ።

እዚያም መጋረጃ ቀን ቀን አይከፈትም ነበር። ታላቅ እህቴ ሂሩት ከሰዓት በኋላ ደብተሯ ላይ ታንቀላፋለች። አባቴ ትምህርት አይገባትም ብሎ፣ እንደ እናቴ ሰው ቤት ሥራ ሊያስገባት አሰበ። እንዲመሰክሩለትም አብረውት ግድግዳ የሚለስኑትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ተሰማን ጠራ። ጋሽ ተሰማ አጠገቧ ተቀምጠው ሲያስነብቧት ቆዩና ከእሷ ቀድመው አንኮራፉ።

አባቴ ሲቀሰቅሳቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔንም እኮ እንቅልፍ ጣለኝ!» አሉ። «ልጅቷ ምን ታድርግ? በቀትር አስመሽተህባታል።»

«ከከፈትኩት ቤቱ ምድጃ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ይሁና! እያላባትም ቢሆን ታነባለች።»

አባቴ መጋረጃውን ከመስኮቱ ያነሳው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሂሩት ያኔ ሥራ ጀምራ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ያጠናሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ የቢሮውን መጋረጃ ገልጬ ሁለቱን ስሞች እንደገና አመሳከርኩ። ሂሩት ዛሬም 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች።