ከወንበሩ ሥር ያለው ምልክት

በቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ የምኮራበት አንድ ወንበር ነበር። መደገፊያው፣ መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ምስማርም ሆነ ማጣበቂያ አልነካውም። እንግዳ ሲመጣ ገልብጬ አሳየውና መገጣጠሚያ እንዲፈልግልኝ እጠይቀዋለሁ። ፈልጎ ያጣል። ቦንጋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ነገርን እያሳዩ የማስረዳት ልማድ ከክፍል ውጭም አይለቀኝም።

ወንበሩ ከአያቴ ለአባቴ ወርዶ፣ አባቴ ሲያርፍ ለእኔ ደረሰ። እናቴ በየሳምንቱ ቅቤ በነካ ጨርቅ ታሸዋለች። መቀመጫው በዘመን ብዛት ለስልሶ መሐሉ ጎድጉዷል፤ በግራ በኩል ደግሞ ጠለቅ ይላል። አያቴ አንድ እግሩን ያመው ስለነበር ወደ ግራ አዘንብሎ ይቀመጥ ነበር ይባላል።

ከመቀመጫው ሥር ምልክት አለ፦ ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጭረቶች፣ በላያቸው አንድ አግድም፣ ከታቻቸው ትንሽ ክብ ጉድጓድ። ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ ደከምኩ። ለካሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ደብተር ላይ ሣልኩት። ስለ ባህል ዕቃ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ አይቶ ወንበሩ እጅግ አሮጌ መሆኑን አረጋገጠልኝ፤ ስለ ምልክቱ ግን ምናልባት የባለቤቱ ይሆናል ከማለት አላለፈም። እኔ አለፍኩ። ወንበሩ ላይ ምልክት የሚያስቆርጥ ሰው ተራ ሰው አይሆንም፣ ስለዚህ ቅድመ አያቴ ሹም ነበር ብዬ ደመደምኩ። ይህንንም ለጎረቤት፣ ለባልደረቦቼና ለተማሪዎቼ አስረዳሁ። እናቴ ስትሰማ «እንግዲህ አንተ ካልክ» ትል ነበር።

በዚያው ዓመት ላገባ ነበር። ልጅቷን ያወቅኳት ኮሌጅ ሳለን ነው። እሷ ደካ ላይ በግብርና ባለሙያነት ትሠራለች፤ ወላጆቿ የሚኖሩት ዋጫ አጠገብ ነው። በእኛ አገር ከአንድ ጎሳ የተወለዱ አይጋቡም። የቱንም ያህል ትውልድ ቢራራቁ እኅትና ወንድም ናቸው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሳ ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ብቻ መተው አልሆነልኝም። የሁለታችንን የዘር ሐረግ በትልቅ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ሠራሁት፤ የእኛን በሰማያዊ፣ የእነሱን በቀይ። መስመሮቹ የትም አይገናኙም። አባቷ ወረቀቱን ሲያዩ ለጋብቻ ነው ወይስ ለመንገድ ሥራ ብለው ሳቁ አሉ። እሺም አሉ።

የቀረው ቤታችንን ማየት ነበር። አንድ ቅዳሜ አባቷና አጎቷ በጠዋቱ አውቶቡስ ከዋጫ መጡ። አባቷ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በቡናም በማርም የሚተዳደሩ ገበሬ ናቸው። እናቴ ወንበሩን ለእሳቸው አቀረበችላቸው፤ ከአባቴ ሞት በኋላ ሰው ሲቀመጥበት የመጀመሪያው ነበር። ምሳ ተበላ። አጎትየው ቀልደኛ ናቸው፤ ካረፈድን መምህሩ በር ላይ ያንበረክከናል ብለን ሳንተኛ አደርን እያሉ እናቴን አሳቋት። ደስታዬ ከልክ አለፈ። ምነው ያን ቀን ወንበሩን ሳላስረዳ ብቀር ኖሮ።

አባቷን አንድ ጊዜ እንዲነሱልኝ ለመንኩና ወንበሩን ገለበጥኩት። መገጣጠሚያ ይፈልጉ አልኳቸው። አልፈለጉም። ዓይናቸው ምልክቱ ላይ ቀርቷል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጭረቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው፤ ከዚያ ወንበሩን ለወንድማቸው አዞሩላቸው። አጎትየው ቀልዳቸው ጠፍቶ በቋንቋችን በካፊኖኖ፣ በዝግታ፣ የእኛ ነው አሉ።

አልገባኝም። አባቷ ያስረዱኝ ጀመር፤ በዚያ ቤት ሌላ ሰው ሲያስረዳ እኔ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ቀፎ የሚሰቅል ሰው ጫካ ውስጥ ዛፉ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ቅርፊቱ ላይ የቤተሰቡን ምልክት ይቆርጣል፤ ቀፎው ላይም ያደርገዋል። ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል እንጂ ሌላ ሰው አይነካውም። ይኸው ምልክት ዛሬም በእሳቸው የቀረሮ ዛፎች ላይ አለ።

ከዚያ ረጋ ብለው «ወንበሩን ከየት ገዛችሁት?» አሉኝ።

አሁን ሳስበው፣ መውጫ ሰጥተውኝ ነበር። ከሺሺንዳ ገበያ ነው ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ክብሬ የተነካ መሰለኝ። እንዳልተገዛ፣ ከአያቴ እጅ እንደወረደ፣ ከቤታችን ወጥቶ እንደማያውቅ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። አባቷ ወደ እናቴ ዞሩ። «እትዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

እናቴ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳህኑን አስቀመጠች።

«የባሌ አባት እኛ ቤት አልተወለደም» አለች።

ስትናገር ወደ እኔ አላየችም። በሽታ መንደር ባራቆተበት ዘመን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ወንበር በአናቷ ተሸክማ ወደ ቅድመ አያቶቼ ቤት መጣች። ከቤቱ የተረፈው ልጁ ብቻ እንደሆነ፣ ወንበሩም የአባቱ እንደሆነ ነግራ፣ ሁለቱንም ትታ ሄደች። ያሳደጉት ሰዎች ልጁ ባዕድ እንዳይባል ተማማሉ። ጎሳቸውን ሰጡት፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅም የሚያወራም እንዳይኖር አደረጉ። አባቴ ይህን ለእናቴ የነገራት ሊሞት ሲል ነው። የየትኛው ጎሳ ልጅ እንደነበረ ግን እሱም አያውቅም።

አባቷ ያውቁ ነበር። አያታቸው በሽታው ሲገባ ዘመድ ጥየቃ ሩቅ ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ቤቱ ባዶ፣ ሕፃኑ ታናሽ ወንድማቸው የለም፣ ወንበሩም የለም። እስኪሞቱ ድረስ በየገበያው ስለ ሕፃኑ ሲጠይቁ ኖሩ።

አባቷ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ልጄ ይሉኛል። አጎትየው ትከሻዬን ይስማሉ። እኔ የወንበሩን እግር እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ሁለቱ ሰዎች የጠፋ ዘመዳቸውን ሲያገኙ እኔ በልቤ እሷ እኅቴ ከሆነች፣ እሷ እኅቴ ከሆነች እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል ማግኘት አልቻልኩም።

መከራከር ጀመርኩ። አንደኛ ምልክት ሊመሳሰል ይችላል፤ ሁለተኛ ሴትየዋ ወንበሩን ከሌላ ቤት አንስታው ይሆናል፤ ሦስተኛ ሦስት ጭረትና አንድ ጉድጓድ ማንም በመሮ ሊያወጣው ይችላል አልኩ። አባቷ እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ ጣቴን ይዘው ወደ ክቡ ጉድጓድ ወሰዱት። የእነሱ ቤት ክቡን በመሮ አያወጣም፤ ፍም አስቀምጦ ያቃጥለዋል። ዳሰስኩት። ጣቴ ጠቁሮ ወጣ። የዚያን ጉድጓድ ጥልቀት በሚሊሜትር ለክቼ ጽፌ ነበር። መቃጠሉን ግን አላየሁም።

ለልጅቷ ማን ይንገራት ሲባል እኔ አልኩ። ደጅ ወጥቼ ደወልኩ። እየሳቀች አነሳችው፤ ቀን ተቆረጠ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ከወንበሩ ጀመርኩ። ምልክቱን፣ ቀፎውን፣ ሕፃኑን በተራ በተራ ነገርኳት። መካከል ላይ ሳቋ መቆሙ ታውቆኛል። እኔ ግን ካቆምኩ መጨረሻውን የምናገረው አልመሰለኝም፤ ቀጠልኩ።

«ይህን ብቻ አታብራራልኝ» አለችና ዘጋችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። ለምን ተገዛ አላልሽም አልኳት። እናቴን እንድትዋሽ የጠየቅኳት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ምላሴ ላይ ነበር» አለች። «ግን አንተ ስቀህ ስትኖር፣ ልጅ ስትወልድ፣ እኔ ብቻዬን እያወቅሁ ልቀመጥ ነው? ሰርጉ ላይ እልል ልል ነው?»

ወንበሩን አንስቼ ጓዳ ውስጥ፣ ከእንጨት ክምር ጋር ጣልኩት። ጠዋት ስነሳ በቅቤ ታሽቶ ቦታው ላይ ቆሟል።

የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ያለቀሰ ሽማግሌ ነበር፤ ያመነታ ግን አልነበረም። ጋብቻው ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንበሩን ተሸክሜ ዋጫ ወረድኩ። የእናንተ ነው፣ ውሰዱት ልል ነው የሄድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ከዓይኔ እንዲጠፋልኝ ፈልጌ ነበር። እዚያ የጠበቀኝ ግን የሰው ብዛት ነው፤ የጠፋው ሕፃን የልጅ ልጅ መጣ ተብሎ ከየመንደሩ ተጠርተዋል። አባቷ ወንበሩን አልቀበልም አሉ። ሕፃኑ ይዞት የወጣውን ከልጁ ልጅ ላይ አንወስድም ብለው፣ በሰው ሁሉ ፊት እኔኑ አስቀመጡበት። አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ፊቴን በመዳፋቸው ዳብሰው ግንባሩ የአባታችን ነው አሉ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ሳመኝ። አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ አክስት።

እሷም ከደካ መጥታ ነበር። ከወረፋው መጨረሻ ላይ ቆማ ሳያት ልነሳ ፈለግኩ፤ ከጎኔ የነበሩት ሰውዬ ትከሻዬን ያዙኝ። ዘመድ ሲስምህ ተቀመጥ አሉኝ።

ከዚያ በፊት በአባቷ ፊት እጅ ለእጅ እንኳ ተጨባብጠን አናውቅም። ያን ቀን ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ከዘመዶቻችን ማንም ዞር ብሎ አላየንም።