ማግኔት ያልሳበው ጥይት

ዳክዬ ማደን ያስተማሩኝ ሜስኪት በምትባል የአሜሪካ ከተማ አጥር የሚያዋስነን አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም እኔም በየቤታችን ብቻችንን ነበር የምንኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በእሳቸው ፒካፕ ላቮን ሐይቅ እንሄዳለን፤ ብዙም አናወራም። ኋላ መርሳት ሲበዛባቸው ሴት ልጃቸው መጥታ እሷ ወደምትኖርበት ሚዙሪ ወሰደቻቸው። ሲሄዱ የአደን ሰደርያቸውን ከነጥይቱ ሰጡኝ።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ብቻዬን ሄድኩ። ሸምበቆ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ፀሐይ ወጣች፤ አንድም ዳክዬ አላረፈም። የሞተር ድምፅ ሰምቼ ቀና ስል ጀልባ ወደ እኔ ይመጣል። የአደን ተቆጣጣሪ ናት፤ ወጣት ሴት።

"እንደምን አደሩ ጌታዬ? ፈቃድዎንና ጥይትዎን ልይ።"

ፈቃዴን አይታ ጥይቶቹ ላይ ትንሽ ማግኔት ታስጠጋ ጀመር። ለዳክዬ አደን የእርሳስ ጥይት ክልክል ነው። ሲተኮስ ከጥይቱ ተበትኖ ሐይቁ ውስጥ የሚቀረውን ጥቃቅን ፍሬ ዳክዬዎች ከጠጠር ጋር ይውጡትና ይመረዛሉ። ብረት ከሆነ ግን ማግኔቱ ይስበዋል። እኔ የገዛኋቸው ተሳቡ። ከሽማግሌው ሰደርያ የወጡት ንቅንቅ አላሉም፤ ላያቸው ላይ የነበረው ጽሑፍም ተፍቆ ጠፍቷል።

"ካርቶናቸው የታለ?"

"የለም። ጎረቤቴ ናቸው የሰጡኝ።"

 ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ፊት ስቆም ዛሬም ጥፋተኛ የሆንኩ ይመስለኛል።

አንዱን ጥይት በቢላ ቀደደችና አንድ ፍሬ አውጥታ በፒንሳ ጨመቀችው። እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ።

"እርሳስ ቢሆን ይጠፈጠፍ ነበር" አለች ፈገግ ብላ። "ይሄ ቢስመዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ማግኔት ባይስበውም አይመርዝም፣ ይፈቀዳል። ጎረቤትዎ ለዳክዬ የሚያስቡ ሰው ናቸው። ዛሬ አልመጡም?"

"አልመጡም" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስለ ፒካፑ፣ ስለ ልጃቸው፣ አሁን ተከራይ ስለገባበት ቤታቸው ለፈለፍኩላት። ከሥራ ውጪ ከሰው ጋር ካወራሁ ሰንብቼ ነበር። እጇን ሞተሩ ላይ እንዳደረገች ታግሣ ሰማችኝ።

"በርትተው ያድኑ" ብላኝ ሄደች። ሸምበቆው ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሚዙሪ ደወልኩ። ልጃቸው ከእሳቸው ጋር አገናኘችኝ። ስለ ማግኔቱና ስለ ፒንሳው ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

"ጎበዝ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች" አሉ። ከዚያም ጠየቁኝ፣ "ይቅርታ፣ ማን ልበል?"

"የሜስኪት ጎረቤትዎ ነኝ።"

"እሺ፣ እሺ" አሉና ስልኩን ለልጃቸው መለሱላት። እሷም ስለደወልኩ አመሰገነችኝ።

ሞተሩን አስነሥቼ፣ በብርዱ ጭጋግ የለበሰው የመኪናው መስታወት እስኪጠራ እዚያው ቁጭ አልኩ።