ለአንድ ሰው

የአውሮፕላን ቲኬት ሻጯ ሴትዮዋን በየዓመቱ የምታውቃት በጫማዋ ነው። «መጣሁ» ብላ ለአፍታ ወደ ደጅ ብቅ ያለች ይመስል የምትመጣው በቤት ጫማ ነው። ወንበር ቢሰጧት አትቀመጥም፤ መደገፊያውን ከኋላ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እያወራች ወደፊት ወደኋላ ትገፋዋለች።

«ፕራግ ነው የምሄደው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ግርግሩ ሲቀንስ። ለአንድ ሰው። ብቻዬን» ትላለች፣ የሰረቀች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ጥያቄዋ ይዥጎደጎዳል። ሆቴሉ ሊፍት አለው ወይ? የመታጠቢያ ቤቱ በር ሰፊ ነው? የከተማው አሮጌ ድልድይ የድንጋይ ንጣፍ ነው አሉ፤ ጎማ አያንገጫግጭም?

«የሻንጣ ጎማ ነው፣ እትዬ?» አለቻት ሻጯ ዘንድሮ።

ወንበሩ ቆመ።

«ውይ፣ ለካ ብቻዬን ነኝ» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ስልኳ ጮኸ። «መጣሁ እማዬ! ከተሽከርካሪ ወንበርሽ ብቻሽን እንዳትነሺ፣ ትወድቂያለሽ!»

«ታዲያ ቲኬቱን ልያዝልዎት?» አለች ሻጯ።

«ለከርሞ ይሁንልኝ፣ የኔ ልጅ።»

በሩን በጀርባዋ ገፍታ፣ የኋሊት እየተራመደች ወጣች። የሚከተላት ማንም አልነበረም። እሷ ግን ቀስ ብሎ የሚያልፍ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በሩን ይዛ ጠበቀች።