ሽጉጥ በእጄ፣ ጋሼ በላቸው ከኋላዬ

ባለፈው ሳምንት ግሮቭ ሲቲ መጋዘናችን ውስጥ የምሳ ሰዓት ላይ፣ አብራኝ የምትሠራ ሃና የምትባል ልጅ ስልኳን ዘርግታ "እይልኝ፣ ኦርደር ላደርግ ነው" አለችኝ። የመረጠችውን ሳይ ሳቄ መጣ። ጣት አልባ ጥቁር ጓንት፣ ጭን ላይ የሚታሰር የሽጉጥ ማህደር፣ ስምንት ኪስ ያለው ሰደርያ፣ ሽጉጥ ላይ የሚገጠም ባትሪ። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ወደ ጀማሪዎች የሽጉጥ ውድድር ልትሄድ ነው፤ ዕቃው ግን ዘመቻ የምትወጣ ያስመስላታል።

"ሁሉንም አጥፊው" አልኳት። "የሚያስፈልግሽ ጠንካራ ቀበቶ ነው፤ ሽጉጡን ስትመዢ አብሮ የማይነሳ። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማህደር፣ እሱም ወገብሽ ላይ። ጥይት የሚጎርሱ ሦስት ካርታዎች፣ ለሁለቱ መያዣ ኪስ። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ግንባር ላይ ጥላ ያለው ኮፍያ። ከላይ ሽጉጡን የሚሸፍን ሰፊ ሸሚዝ፣ ቁልፉ ያልተቆለፈ። አለቀ።"

"ኮፍያው ለምንድነው? ለፀሐይ?"

"የጋለ ቀለህ ከመነጽርሽ ኋላ እንዳይገባ። ከገባ ትጨፍሪያለሽ። ሽጉጥ ይዞ መጨፈር ደግሞ ክልክል ነው።"

ሳቀችና "አንቺ መጀመሪያ ቀን እንዴት ነበርሽ?" አለችኝ። የምሳ ሰዓታችን አለቀና ሳልመልስላት ተነሳን። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ግን ካርቶን እየለጠፍኩ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

በፈረንጆቹ 2021 ነበር፤ ማስክ ገና ከፊታችን ሙሉ በሙሉ ያልወረደበት ዓመት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፎረስት ፓርክ፣ ጋሼ በላቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቤት ቤዝመንቱን ተከራይቼ እኖር ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። በዚያች ጊዜ ውስጥ የነርስ ረዳት ትምህርት ጀምሬ ትቻለሁ፣ ሹሩባ መሥራት ጀምሬ ትቻለሁ፣ ኮሌጅ ሦስት ሳምንት ገብቼ ወጥቻለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እትዬ አስካለ "ያንቺ ነገር ራስ እንጂ ጅራት የለውም" ይሉኝ ነበር። ያናድደኛል፤ ግን ውሸት አይደለም።

ጋሼ በወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ረጅም ቦርሳ መኪናቸው ላይ ጭነው ይጠፋሉ። ዓሣ ሊያጠምዱ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ አገኘኋቸው።

"ዓሣው ግን የታለ ጋሼ? አንድም ቀን አላየሁም።"

"የምን ዓሣ? ውድድር ነው የምሄደው። የሽጉጥ።"

ክው አልኩ። ጋሼ በላቸው ስልሳ ያለፋቸው፣ ጎማ ቤት ያላቸው፣ ዝንብ ቤት ውስጥ ሲገባ መስኮት ከፍተው እንዲወጣ የሚለምኑ ሰው ናቸው። ፊቴን አይተው ሳቁ። "እኔ በሱዳን በረሃ ሳቋርጥ" አሉኝ፣ "ሽጉጥ የያዘ ሁሉ ያዝዘኝ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ግን የሚታዘዘው ሽጉጥ የያዘው ሰው ነው። ሲመዝ ታዝዞ፣ ሲያጎርስ ታዝዞ፣ ሲመልስ ታዝዞ። ይሄን ማየት ደስ ይለኛል።"

"ይውሰዱኝ!" አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መጋዘን ውስጥ የዕቃ ኮድ የሚያነበው ስካነር ነው ወዴት እንደምሄድ የሚነግረኝ፤ ምናልባት ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር እንዲያዝዘኝ ፈልጌ ይሆናል።

አንድ ወር አስለመኑኝ። በመጨረሻ እሺ ሲሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ "ቀበቶውንም ሽጉጡንም አውስሻለሁ። ጥይትም አለኝ።" በዚያ ዓመት ጥይት ከሱቅ ጠፍቶ ነበር፤ እሳቸው ከወረርሽኙ በፊት ያስቀመጡት ነው። "ግን አንቺን የሚያስገቡሽ እኔን አምነው ነው። የጥንቃቄ ሕግ ጥሰሽ አንድ ቀን ከሜዳ ከተባረርሽ፣ ዳግመኛ ይዤሽ አልሄድም። ተግባብተናል?"

"ተግባብተናል።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ እውነተኛ ሽጉጥ ሳያስነኩኝ በቀይ ፕላስቲክ ሽጉጥ አስተማሩኝ። ዒላማው ላይ ካላነጣጠርኩ በቀር ጣቴ ከምላጩ ውጭ። ሜዳ ስደርስ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ ማህደሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሜዳው ኃላፊ "ሎድ ኤንድ ሜክ ሬዲ"፣ አጉርሰሽ ተዘጋጂ፣ እስክትል ማንም አይነካውም። ለማየትም ለማስተካከልም ከፈለግሽ፣ ለዚያ የተለየች ጠረጴዛ አለች፤ እዚያ ደግሞ ጥይት አይነካም። ስትሮጪ አፈሙዙ ከፊት ካለው የአፈር ቁልል አይለይም። "ሜዳውን በግራና በቀኝ የሚያቋርጥ የማይታይ መስመር አለ" ይሉኝ ነበር፣ በሁለት እጃቸው አየሩን እየከፈሉ። "አፈሙዙ ከዚያች መስመር ወደ ኋላ ካለፈ፣ ቀንሽ አለቀ። ይቅርታ የለም፣ ሽምግልና የለም።"

የመጀመሪያው ውድድር ሐምሌ ላይ ነበር። ከግሮቭ ሲቲ ወዲያ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ ቁመቱ ትከሻዬ ይደርሳል፤ መስኮት ስንከፍት አዲስ የታጨደ ሣር ሽታ ይገባል። እትዬ አስካለ የሰጡንን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ደረስን። የኔ ቡድን የሜዳ ኃላፊ ዶና ትባላለች፤ አርባ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ጡረተኛ፣ ድምፅዋ ከተኩሱ በላይ የሚሰማ።

ቀኑ ስድስት ዙር አለው። እያንዳንዱ ዙር አንድ ታሪክ ነው፤ ባንክ ወረፋ ላይ ነሽ፣ ነዳጅ እየቀዳሽ ነው፣ ወንበዴ መጣ። በርሜል ተከልለሽ ለእያንዳንዱ የካርቶን ወንበዴ ሁለት ሁለት ትተኩሻለሽ። አንዳንዱ ካርቶን ላይ ባዶ እጅ ተስሎበታል፤ እሱ ንጹሕ ሰው ነው፣ ከመታሽው ቅጣት አለው። ዶና ሰዓት ትይዛለች። እኔ ቀርፋፋ ነበርኩ፤ ግን አራት ዙር ያለ ስህተት ጨረስኩ። ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ነው። ሁለት ብቻ ቀረኝ።

አምስተኛው ዙር ላይ ሦስት ዒላማ መትቼ ሽጉጡን እንደያዝኩ ወደ ሁለተኛው በርሜል ስሮጥ፣ በስተግራ ያለውን አንድ ካርቶን ረስቼው አለፍኩ። ጋሼ ከኋላ ቆመው ያያሉ። አላስቻላቸውም።

"መቅዲ!"

እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲጠራ በትከሻ አይመለስም። በሙሉ ሰውነት ዞሮ፣ አንገት ሰበር አድርጎ ነው። "አቤት ጋሼ!" ብዬ ዞርኩ። ሽጉጡም አብሮኝ መዞር ጀመረ።

"ስቶፕ!"

ዶና የእጄን አንጓ ጨብጣ አፈሙዙን ወደ አፈሩ መልሳዋለች። ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም፣ ማንም አልተነካም። ከኋላ ግን ግማሹ ሰው ሣሩ ላይ ተኝቷል። ጋሼ ዳቦ ቆሎ አፋቸው ጋር አድርሰው እንደ ሐውልት ቀርተዋል።

ዶና ጥይቱን አስወጣችኝ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አየች፣ ማህደሩ ውስጥ አስመለሰችኝ። ከዚያ በለሆሳስ "ለምን ዞርሽ የኔ ማር?" አለችኝ።

"ጠሩኝ። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ስሚ፤ ያ ነገር እጅሽ ላይ እያለ እግዚአብሔር ራሱ ቢጠራሽ እንዳትዞሪ። ለዛሬ በቃሽ። በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።" ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ ተኳሽን ከኋላ መጥራት ክልክል መሆኑን እያወቁ መጥራታቸውን እንደ ተማሪ ገሠጸቻቸው። ጋሼ እስከ ማታ የተበሳ ዒላማ ላይ ወረቀት ሲለጥፉ ዋሉ። እኔም አብሬ ለጠፍኩ።

ስንመለስ በቆሎው ሲያልቅ ፈነዳሁ።

"እርስዎ ነዎት የጠሩኝ!"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?"

"ሽጉጡ በማን እጅ ነበር?"

"ይዤሽ አልሄድም ብያለሁ" አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ "አልወስድሽም።" ቤዝመንት ወርጄ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ሌላም ጅራት የሌለው ነገር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ጋራዡ በር ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። ጋሼ ቀዩን ፕላስቲክ ሽጉጥ ያዢ ብለው ሰጡኝ።

"አልወስድሽም አላሉኝም እንዴ?"

"አልወስድሽም። አትሂጂ ብዬ ግን አልከለከልኩሽም። መኪና የለሽም? በይ ወደ ግድግዳው ዙሪ።"

ዞርኩ። ከኋላዬ ሄዱና ጮኹ። "መቅደስ!"

ዞርኩ።

"ሞትን" አሉ። "እንደገና።"

የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ገደልኳቸው። የሥራ አለቃዬን ድምፅ አስመስለው ጠሩኝ፣ የቄስ ድምፅ አስመስለው ጠሩኝ፣ "እሳት! እሳት!" አሉ። አእምሮዬ ገብቶታል፤ አንገቴ ግን አልሰማም። በሁለተኛው ሳምንት አንገቴም ገባው። ያን ጊዜ ነው እትዬ አስካለ የታጠበ ልብስ ይዘው ብቅ ያሉት።

"መቅዲዬ፣ ያንቺ አንሶላ የቱ ነው?"

"አቤት እትዬ" አልኩ ለግድግዳው።

"ምነው ልጄ? ተቀያየምን እንዴ?"

ጋሼ በሳቅ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን ሲያስረዷቸው እትዬ መጀመሪያ አማተቡ፤ "ልጅቱን ባለጌ ልታደርጋት ነው?" ከዚያ ግን ከጋሼ ብሰው ቁጭ አሉ። የት እንደሚያመኝ ያውቃሉ። "እናትሽ ስልክ ላይ ናት!" ይላሉ፤ እዞራለሁ፤ ያጨበጭባሉ። ሰባት ቀን ሙሉ በእናቴ ተጫወቱብኝ። በስምንተኛው ቀን "እናትሽ ስልክ ላይ ናት" ሲሉ ፍንክች አላልኩም። "ይቆዩኝ!" አልኩ።

"ምን አጠፋሁ ልጄ?" የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ እውነትም ቪዲዮ ላይ ነበረች፤ ጀርባዬን እያየች።

ሦስታችንም እየተቀባበልን አስረዳናት። አዳምጣ ስትጨርስ ተናደደች፤ በሽጉጡ ግን አይደለም። "መቼ ነው እንዲህ ያስተማርኩሽ? መጀመሪያ የያዝሽውን አስቀምጪ፣ ከዚያ ዙሪ ነው ያልኩሽ። ድስት ይዘሽ ትዞሪና እንግዳ ላይ ታፈሺ ነበር፤ ዛሬም ያው ነሽ።"

ነሐሴ ደረሰ፤ ፍልሰታ ገብቷል። ጋሼ ያዋሱኝን ሽጉጥና ቀበቶ ይዤ፣ ብቻዬን፣ በራሴ አሮጌ መኪና ሄድኩ። ደግፎ የሚያስገባኝ የለም፤ ዛሬ ከተባረርኩ ዶናም ዳግመኛ እንደማታየኝ አውቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የጋሼ መኪና ስትመጣ አየኋት። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ የዒላማ ወረቀት ያለበት ጠረጴዛ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛውንም ጨረስኩ። ስድስተኛው ላይ ዶና "ስታንድ ባይ"፣ ተዘጋጂ፣ አለች፤ ሰዓቷ ጮኸ። ሸሚዜን ገልጬ መዘዝኩ። ሁለት፣ ሁለት፣ ወደ በርሜሉ ሮጥኩ። ጥይት አለቀ፤ አዲሱን ካርታ ስጎትት እጄ ላይ አምልጦ ወደቀ። ሌላውን አወጣሁ። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ ያ ሁሉ ፈረንጅ በቆመበት፣ እልልታ ቀለጠ።

"እልልልል! ጎሽ መቅዲዬ! መቅዲዬ!"

እትዬ አስካለ። ከጋሼ ጋር መጥተው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ኖሯል፤ መቼ እንደወረዱ ማንም አላየም። አንገቴ አከከኝ። ጀርባዬ በሙሉ ዙሪ፣ ዙሪ አለኝ።

"አቤት እትዬ!" አልኩ ለበርሜሉ፣ ጮክ ብዬ። ካርታውን አጎረስኩ፣ የቀሩትን ሁለት ወንበዴዎች ሁለት ሁለት ሰጠኋቸው፣ ጥይቱን አወጣሁ፣ ባዶውን አሳየሁ፣ ማህደሩ ውስጥ መለስኩ።

"ሬንጅ ኢዝ ክሊር"፣ ሜዳው ነጻ ነው፣ አለች ዶና። ከዚያ ሰዓቷን እንደያዘች ሳቋ አጎነበሳት።

አሁን ባዶ እጄን ነኝ። በሙሉ ሰውነቴ ዞርኩ። እትዬ ነጠላቸውን ሣር እየጎተተው ወደ እኔ ይሮጣሉ፣ ጋሼ ከኋላቸው "ዝም በይ አላልኩሽም?" እያሉ ይሮጣሉ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። አንድ ንጹሕ ሰው ደረቱ ላይ መትቻለሁ፤ ነፍሱን ይማር። ግን ጨረስኩ።

መኪናው ጋ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሚቀጥለው ወር..." ብለው ቆሙ። ቃላቸው ያዛቸው። ቃላቸውን ሊያጥፉ እንደማይችሉ ፊታቸው ላይ ይታያል።

"እርስዎ አይወስዱኝም" አልኳቸው። "እኔ ልውሰድዎት።"

ከዚያ ወዲህ የምነዳው እኔ ነኝ። ጋሼ ዓይናቸው ደከም ስላለ አሁን ነጥብ ይይዛሉ፤ መንገዱን ሙሉ አነዳዴን ይተቻሉ። እኔም ብዙ ነገር እየጀመርኩ መተዌን አልተውኩም፤ ሰው በአንድ ቅዳሜ አይቀየርም። አንድ ነገር ግን ከዚያ ጋራዥ ይዤ ወጥቻለሁ። የሚወዱሽ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው ብዬ አስብ ነበር፤ ቃሉን አጥፎ የሚያዝንልሽና በቃሉ ጸንቶ የሚጨክንብሽ። በቃሉ እየጸና፣ ማታ ማታ ጋራዥ ከፍቶ የሚጠብቅ ሦስተኛ ዓይነት ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሰው ስታገኚ፣ ቤንዚኑን አንቺ ሙዪ።