ሽማግሌው ውሻችንና የጋለው ማጭድ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከጎብዬ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ለእኔ ሸንኮራ፣ ለእናቴ ቃሪያ፣ ለታመመ ከብት ደግሞ ማጭድ ይዞ ነው የሚመጣው። ማጭዱ ለአጨዳ አይደለም። ፍም ውስጥ ይከተውና ቀይ ሲሆን የሚያነክሰውን አህያ ጭን፣ ያበጠውን የበሬ ትከሻ ይተኩስበታል። በእኛ በኩል ጠባሳ የሌለበት አህያ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያ ቅዳሜ ተራው የውሻችን ነበር።

ቤት ውስጥ «ሽማግሌው» ነው የምንለው። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ እሱ ቡችላ ነበር፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ እሱ ግን አርጅቷል። ማሽላው ሲያሽት ከአባቴ ጋር ማሳ ይወርዳል፤ አባቴ ማማው ላይ፣ እሱ ከማማው ሥር ሆነው ከርከሮ ያባርራሉ። ዘንድሮ ግን ጠዋት ጠዋት መነሳት አቃተው። የፊት እግሮቹን ተክሎ ይገፋል፣ ይገፋል፣ የኋላው እምቢ ይላል። ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፍታታል። ከዚያ አንድ ቀን ከርከሮው ገብቶ የማሳውን ጥግ አጋደመው። ሽማግሌው ጮኸ እንጂ አልተነሳም።

«ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ይተኩሰዋል» አለ አባቴ። «በዚያም ካልዳነ ዋጃ ማዶ ወስጄ እጥለዋለሁ። ለሚተኛ ውሻ የሚሆን እህል የለኝም።»

አባቴ ዝም ብሎ የሚዝት ሰው አይደለም። የተናገራትን ያደርጋታል። እኔ ደግሞ ማጭዱ ሥጋ ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ በጎረቤታችን አህያ ላይ ሰምቼዋለሁ።

ዓርብ ከትምህርት ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ቆቦ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ የክትባት ብልቃጦች በረዶ ሳጥን ውስጥ እየደረደረች ነበር።

«ምን ታመመብሽ?»

«ውሻ።»

በር ላይ ፍየል ይዞ የቆመ ሰውዬ ሳቀ። «እሰይ! ለውሻም ሐኪም ተጀመረ?»

እሷ አልሳቀችም። «ቀኑን ሙሉ ነው የሚያነክሰው ወይስ ጠዋት ይብስበታል?» አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

«ቁርጥማት ይመስላል፤ የእርጅና ነው። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ይቀልለታል። ቀዝቃዛና እርጥብ መሬት ላይ አይተኛ። አጠር አጠር አድርጋችሁ አራምዱት፤ ዝም ብሎ ከተኛ ይብሱን ይደርቃል። ወፍሮም ከሆነ ምግቡን ቀነስ አድርጉለት፣ ሸክሙ እግሩ ላይ ነው። የሰው ማስታገሻ ግን እንዳትሰጡት! ሆዱንም ኩላሊቱንም ይጎዳዋል።»

«ቢተኮስስ?»

እጇ ሳጥኑ ላይ ቀረ። «ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ቁስል ትጨምሩበታላችሁ። ሰኞ ለከብት ክትባት ወደ እናንተ ቀበሌ እመጣለሁ፤ ያኔ አየዋለሁ።»

ሰኞ! ማጭዱ የሚመጣው ቅዳሜ ነው።

ለአባቴ ስነግረው «ከርከሮው እስከ ሰኞ ይታገሰኛል ብላለች?» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ደጃችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብሎ ፍሙን ያራግብ ጀመር። ሽማግሌው ግንዱ ላይ ታስሯል። አጎቴን ስለሚወደው ጭራውን ይቆላለት ነበር፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። የማጭዱ ጫፍ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ መቅላት ጀመረ። አባቴ የጨርቅ ቁራጭ ወረወረልኝ።

«አፉን እሰሪው። ካንቺ በቀር አፉን ለማንም አያስነካም።»

ጨርቁን ይዤ አጠገቡ ተንበረከክሁ። እጄን ላሰኝ። ማሰር አቃተኝ፤ እምቢ ማለትም አቃተኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «የትኛውን እግሩን ነው የሚተኩሱት?»

«ቆይ፣ ልየው» አለና ሊነሳ ሞከረ። እጆቹን መሬት ላይ ተከለ። ገፋ። «እህህ…» አለ። እንደገና ገፋ፤ ጉልበቱ እምቢ አለ። ይህን አነሳስ አውቀዋለሁ! በየጠዋቱ አየዋለሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎንም ጠዋት ጠዋት ነው የሚያምዎት?»

«አንቺ ልጅ!» አባቴ ጮኸ። «አጎትሽን ከውሻ ጋር ነው የምታስተያዪው?»

«ተዋት» አለ አጎቴ። ግን አልሳቀም። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ቆየ። «አዎ፣ ጠዋት ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ይለቀኛል።»

«እሱም እንደዚያው ነው። እርስዎስ ተተኩሰው ያውቃሉ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። አጎቴ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ገለጥ አደረገ። በጉልበቱ ግራና ቀኝ ቆዳው የተጨማደደ፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ አለ። ሽርጥ ለባሽ ስለሆነ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አባታችን ነው የተኮሰኝ። ይሄ አባትሽ እግሬን ይዞ።»

«ዳነልዎት?»

ማጭዱ ደም መስሏል። አጎቴ እሱን አየ፣ ውሻውን አየ፣ ጉልበቱን አየ።

«ቁስሉ ዳነ» አለ።

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

«ውሃ አምጪ» አለኝ አጎቴ። ባልዲውን ይዤ ስሮጥ ግማሹን እግሬ ላይ ደፋሁት። ማጭዱን ሲነክረው ጭሱ ቡልቅ አለ፣ ሽማግሌውም ደንግጦ ጮኸ።

«ማሳውንስ ማን ሊጠብቅልኝ ነው?» አለ አባቴ፣ ንዴቱ ገና ሳይበርድ።

«ሰማኸው?» አለ አጎቴ። «ድምፁን ምንም አልሆነም። እሱ ይጩህ፣ አንተ ሩጥ። እግር አለህ አይደል?»

አባቴ የታላቅ ወንድሙን ቃል አይመልስም። ገመዱን ሲፈታ ግን እያጉረመረመ ነበር።

በዚያው ቀን አገዳ አነጠፍኩ፣ ጭድ ጨመርኩ፣ በላዩ የማዳበሪያ ጆንያ ዘረጋሁበት። ሰኞ ሐኪሟ መጥታ ዳሌውን ስትዳስስ እንደ ሕፃን አለቀሰባት፤ በኪሎው ልክ መድኃኒት ሰጠችው፣ የሚወስድበትን ሰዓትም ለእኔ ነገረችኝ። ጠዋትና ማታ እስከ ወንዙ አፋፍ እናዘግማለን። የሚያየን ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ!

ሁለቱ ወደ ማሳው በወረዱ ቀን አባቴ የሽማግሌውን መኝታ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸከመለት። «እንዳትስቂ» አለኝ። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ሽማግሌው ከማማው ሥር፣ ጭዱ ላይ ተኝቶ ጮኸ፤ የሚሮጠው አባቴ ነበር።